ክፍት ነው እንጂ ባዶ አይደለም

የአንድን ትንሽ ከተማ ፕላን በማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። መንገዱ በመስመር፣ መኖሪያው በቀለም፣ ገበያው በቁጥር ተለይቶ ሲታይ፣ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት፣ ታቦት የሚያድርበት፣ የኢድ ሶላት የሚሰገድበት፣ የሠርግ ድንኳን የሚተከልበት ሥፍራ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳይቀባ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በላዩ «ክፍት ቦታ» የሚል ጽሑፍ ሰፍሮበት ይሆናል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህችው ቃል ነው። የፕላን ባለሙያው «ክፍት» ብሎ የጻፈውን፣ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሹም «ባዶ» ብሎ ያነበዋል። ክፍት ማለት በሩ ለሁሉም የተከፈተ ማለት ነው፤ ባዶ ማለት ግን ባለቤት ያጣ፣ የሚሞላውን የሚጠባበቅ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ባዶ ከተባለ በኋላ የሚሞላው አይጠፋም።

ማጀቴን፣ አጣዬን ወይም ሸዋ ሮቢትን የመሰለ የይፋት ከተማ በአንድ ተራ ቀን ይታይ። በቆላ አገር የጊዜ ሠሌዳ የምታወጣው ፀሐይ ናት። ገና ሳይነጋ ሯጮች ይወጣሉ። እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት ድረስ የትምህርት ቤቱ መምህር የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርቱን ያካሂድበታል፤ ጎረምሶች ከሥራ በፊት አንድ ዙር ይጫወቱበታል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ግን ከአህያና ከፍየል በቀር በሜዳው ላይ የሚቆም ፍጡር የለም። ሹሙ ለምሳ ከቢሮው ወጥቶ ሜዳውን የሚያየው እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው! አይቶም «ይህ ሁሉ መሬት ያለ ሥራ ተቀምጦ» ይላል። 10 ሰዓት ሲሆን ተመልሶ ቢያየው፣ በአራቱም ማዕዘን አራት የተለያየ ኳስ ሲጫወት፣ ዳር ዳሩን ሽማግሌ በትሩን ተመርኩዞ ሲፈርድ፣ ሻይና ቆሎ የምትሸጥ ሴት ዕቃዋን ዘርግታ፣ ከገበያ የሚመለሰው ገበሬ አህያውን አቁሞ የጨዋታውን ውጤት ሲጠይቅ ባገኘ ነበር። ነገር ግን የቢሮ ሰዓት 11 ተኩል ላይ ያበቃል፤ ሜዳው የሚሞላው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ዘመን ያልፋል።

የማጀቴ ስም አመጣጡ ምንም ይሁን ምን፣ ስሙን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ማጀት ትዝ ይለዋል። ማጀት ያለው ቤት እልፍኝም ይሻል። እንጀራ የሚጋገረው፣ ወጥ የሚወጠወጠው በማጀት ነው፤ እንግዳ የሚቀመጠው፣ ነገር የሚታረቀው፣ ዘፈን የሚወጣው ግን በእልፍኝ ነው። የትንሽ ከተማ ቤቶች ጠባብ ናቸው፤ እልፍኛቸው ሜዳው ነው። ሜዳውን የወሰደ ሰው ለአንድ ሺህ ቤተሰብ ማጀት ብቻ ትቶ እልፍኙን አፍርሷል።

ነገሩ በስሌት ይታይ ለሚል ካድሬ ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚሆን የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 105፣ ወርዱ 68 ሜትር ነው፤ ስፋቱ 7 ሺህ 140 ካሬ ሜትር ይሆናል። ባለ 200 ካሬ ሜትር የቤት ቦታ ቢሸነሸንበት 35 ቦታ ወጥቶት ጥቂት ይተርፋል። ለማዘጋጃ ቤቱ የሒሳብ ሹም ሜዳው ማለት 35 ቦታ ነው። የሊዝ ገንዘብ በሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ «ገቢ» ተብሎ ይነበባል፤ ያስጨበጭባል። በዚያው ዓመት በሜዳው ላይ ስንት ልጅ እንደ ተጫወተ፣ ስንት ጠብ እንደ በረደ፣ ስንት ጎረምሳ ከመጠጥ ቤት ደጃፍ እንደ ራቀ የሚጻፍበት ሠንጠረዥ ግን የለም። ስለዚህ ሜዳ የሚሸጥ ሹም ሁሉ ሌባ ነው ማለት አይገባም። ሌባውስ ቢሆን በሕግ ይያዛል። አደገኛው ንጹሑ ሹም ነው። የተቆጠረለትን ብቻ ያያል፤ ያልተቆጠረው የለም ብሎ ያምናል፤ በቅን ልቡም ይሸጣል። የሊዙ ገንዘብ አንድ ጊዜ ገብቶ በአንድ ዓመት በጀት ይበላል፤ ሜዳው ግን በየዓመቱ ለአዲስ ትውልድ አዲስ ሆኖ ይቀርብ የነበረ ሀብት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ከግል ባለ ርስት እጅ አውጥቶ የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ እንዲያደርግ ኃላፊነት ጥሎበታል። ሥነ ጥበብና ስፖርት በአንድ አንቀጽ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ለአርቲስቶቻችን ማስታወስ ሳያስፈልግ አይቀርም። እንግዲህ መሬቱ የሕዝብ ነው የተባለው ግልጽ ነው። ነገር ግን «የሕዝብ» የተባለው ነገር በተግባር የማን እንደ ሆነ ሕግ ብቻውን አይመልስም። የግል ርስት የነበረ ቦታ ቢደፈር ባለ ርስቱ ይጮህ ነበር። የሕዝብ የሆነው ሜዳ ሲደፈር የሚጮኸው ማን ነው? መምህሩ «የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቅ» ይላል፤ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ «ቦታው የማዘጋጃ ቤት ነው» ይላል፤ ማዘጋጃ ቤቱ «ቀበሌው ይጠብቅ» ይላል፤ ቀበሌው ዘበኛ መቅጠሪያ በጀት የለውም። የሁሉም የሆነው የማንም ሳይሆን የቀረው በዚህ ዓይነት ቅብብሎሽ ነው፤ ይህ ቅብብሎሽ ከኳሱ ይልቅ የተዋጣ መሆኑም አይካድም።

በከተማ ፕላን አሠራራችን ውስጥ አንድ ጥሩ መመሪያ አለ። ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። ቁጥሩ ያማረ ነው። ሆኖም ቁጥር ገደልንና ሜዳን አይለይም። ሰው የማይቆምበት የወንዝ ዳር፣ ጎርፍ የበላው ሸለቆ፣ በአደባባይ መሀል የታጠረች አንድ ክንድ ሣር፣ ሁሉም «አረንጓዴ» ተብለው ሊደመሩ ይችላሉ። ድምሩ 30 በመቶ ቢሞላም፣ አንድ ሕፃን ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ሊደርስበት የሚችል የተስተካከለ መሬት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ «ስንት በመቶ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የት? ለማን? በስንት ሰዓት?» የሚሉት መቅደም ነበረባቸው።

ከሻጩ ቀጥሎ የሜዳው ሁለተኛ ባላጋራ አሳማሪው ነው። ይህኛው ሲመጣ ሠርገኛ መስሎ ነው የሚመጣው። በአዲስ አበባ የአንድነትና የወዳጅነት ፓርኮች በ2012፣ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ተመረቁ፤ በ2016 ደግሞ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተዛመተ። ዋና ከተማዋ የምትተነፍስበት ቦታ ማግኘቷ ሊነቀፍ አይገባም። የሚነቀፈው ትንሹ ከተማ ትልቁን የሚቀዳበት መንገድ ነው። የእንጦጦ ብርድ ላይ የተነደፈው ነገር ተነሥቶ በይፋት ቆላ ላይ ይወርዳል። ድንጋይ ይነጠፋል፤ ድንጋዩ እስከ ቀትር ድረስ ምጣድ ይሆናል። ዘንባባ ይተከላል፤ ዘንባባ ለፎቶግራፍ እንጂ ለጥላ አይሆንም። ውሃ የሚጠጣ ሣር ይዘራል፤ ሴቶች ጀሪካን ይዘው በሚሰለፉበት ከተማ ሣሩ በቦቴ ውሃ ይጠጣል። ዙሪያው በብረት ይታጠራል፤ በሩ ላይ የመግቢያ ዋጋ ይለጠፋል፤ ከውስጥ ደግሞ «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይቆማል። ትናንት በነፃ ይሮጥበት የነበረው ልጅ ዛሬ ከአጥር ውጭ ቆሞ በብረቱ መሀል አፍንጫውን አሾልኮ ያያል። ሪባን ሲቆረጥ ያጨበጨበው ደግሞ ራሱ ነበር።

በቆላ መናፈሻ ማለት ጥላ ማለት ነው። ከዚህ የተለየ ትርጉም የለውም። የዋርካ ጥላ ሥር አራት የድንጋይ መቀመጫ ያስቀመጠ ቀበሌ፣ በእብነ በረድ ፏፏቴ ከሠራው ይበልጥ መናፈሻ ሠርቷል። ዋርካ ለማደግ የሰው ዕድሜ የሚፈጅ ቢሆንም፣ እንደ ኒም ያለው ሙቀትና ድርቅ የሚችል ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ማንጎ ደግሞ ጥላም ፍሬም ይሰጣል፤ የፍሬው ክፍፍል የሚያመጣው ጠብ ግን ቀላል አይሆንም፤ ይህም አስቀድሞ ይታሰብበት።

ሦስተኛው ባላጋራ ስታዲየም የሚባለው ሕልም ነው። ትንሹ ሜዳ ይስተካከል፣ ድንጋዩ ይለቀም ሲባል «ቆዩ፣ ስታዲየም ይሠራል» የሚል መልስ ይመጣል። ስለ ስታዲየም አገራችን የምትናገረው መራራ ነገር አላት። በጥር 1954 በአዲስ አበባ የአፍሪካ ዋንጫን የኢትዮጵያ ቡድን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ወሰደ። የቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ መርተዋል። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2014፣ የኢትዮጵያ ቡድን ግብፅን እንደገና 2 ለ 0 አሸነፈ። ያኛው ድል የተገኘው በገዛ አገር መሬት ላይ ነበር። ይኸኛው ግን «በሜዳችን» ተብሎ የተደረገው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው፤ በኢትዮጵያ የኮንፌዴሬሽኑን መመዘኛ የሚያሟላ ሜዳ ታጥቶ ነበርና። ይህ ሲሆን ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታው ከተጀመረ ዓመታት አልፈውት ነበር። ሲሚንቶ እየተቆለለ ሜዳ የሚታጣበት አገር ሆነን ተገኘን።

በሌላ በኩል ደግሞ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 በሮም ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው አበበ ቢቂላ የተወለደው በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በጃቶ ነው። በልጅነቱ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። የገና ጨዋታ ግቡ ከግብ የሚራራቅ፣ አንዳንዴም ከመንደር እስከ መንደር የሚያስሮጥ፣ አጥር የማያውቅ ጨዋታ ነው። አበበን ያሳደገው መሬት ስታዲየም አልነበረውም፤ ያልተዘጋ ሜዳ ግን ነበረው። ይህን የምንናገረው ድህነትን ለማወደስ አይደለም። አትሌት የሚመነጨው ከየት እንደ ሆነ የሚዘነጋ ሁሉ ምንጩን ደፍኖ ቧንቧ የሚዘረጋ ሰው መሆኑን ለማመልከት ነው።

ሜዳ እንዴት እንደሚወሰድና እንዴት እንደሚመለስ ለማየት የጃን ሜዳን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ጃን ሜዳ የጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ የአገር አቋራጭ ሩጫ የሚካሄድበት የአዲስ አበባ ታላቅ ሜዳ ነው። በ2012 የኮቪድ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፣ የፒያሳ አትክልት ተራ መጨናነቅ ያሠጋል ተብሎ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ጊዜው የጭንቅ ነበርና ውሳኔው ምክንያት ነበረው። ለጊዜው የተባለው ግን ወራት ፈጀ፤ የጎመንና የሽንኩርት ብስባሽ፣ የጭነት መኪና ጎማ የፈለፈለው ጭቃ ሜዳውን የማይታወቅ አደረገው። ኋላ ገበያው ወደ ሌላ ሥፍራ ተነሥቶ ሜዳው ለጥር 2013 ጥምቀት ተጸዳ። ለምን ተጸዳ? ጥምቀት ቀን አለው፤ ጥር 11 አይዘገይም። ከአንድ ዓመት በፊት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ በዓልም ነበር። ከሁሉም በላይ ጠያቂ ነበረው። ማለዳ ተነሥቶ የሚሮጠው ወጣት ግን ቀን የለውም፤ ሁሉም ቀን የእርሱ ስለ ሆነ አንዱም የእርሱ ሳይሆን ይቀራል። የትንሽ ከተማ ሜዳም ዕጣው ይኸው ነው፤ በዓሉ ያስጠርገዋል፤ ተራው ቀን ግን ያስበላዋል።

«ሕዝባችን የጋራ ነገር መጠበቅ አያውቅም፤ ስለዚህ ወይ መንግሥት ይጠረው፣ ወይ ባለሀብት ይያዘው» የሚሉ አሉ። ይህ ንግግር በተማሩ ሰዎች አፍ መዘውተሩ ያሳፍራል፤ በይፋት ሲነገር ደግሞ እጥፍ ድርብ ያሳፍራል። ከይፋት ቆላ ቀና ብሎ ወደ መንዝ ደጋ የተመለከተ ሰው ውሸት መሆኑን ያውቃልና። በመንዝ ጌራ ምድር 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ የጓሳ ሣር ምድር አለ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ እረኛ ከዝናብ ለሚጠለልበት ገሳ ይሆናል። የአካባቢው ገበሬ ይህን ምድር ቄሮ በተባለ ሥርዓት (ኋላ በሌላ ትርጉም ከታወቀው ስም ጋር አይምታታ) ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጠብቆታል። ተጠቃሚዎቹ የሚታወቁ ነበሩ። አለቃ በስምምነት ይመርጡ ነበር። ምድሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ያለ ቀኑ የገባ ይቀጣል። ዘበኛ በደመወዝ አልነበረም፤ አጥርም አልነበረም። ሁሉም የሁሉ ዘበኛ ነበር።

መሬት ለአራሹ ያደረገው የየካቲት 1967 አዋጅ የገባርን ቀንበር የሰበረ ታላቅ አዋጅ ነው። በዚያው ጊዜ ግን ይህ የመንዝ ሥርዓት ከባላባቱ ሥርዓት ጋር አብሮ ፈረሰ። የሕዝቡ መጠበቂያ ከገዥው መጨቆኛ ተለይቶ አልታየም። ከዚያ በኋላ ጓሳው ለደረሰ ሁሉ ሆነ፤ ተሟጠጠም። ደግነቱ የመንዝ ሰዎች ዝም ብለው አልቀሩም፤ አጠባበቃቸውን በአዲስ መልክ በኮሚቴ አዋቅረው መልሰው አቋቋሙት፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በዚያ ይኖራሉ። አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም የስዊስ ግጦሽ፣ የጃፓን መንደር ደንና የስፔን መስኖ እንዴት በተጠቃሚዎቹ በራሳቸው ለብዙ ዘመን እንደ ተጠበቁ አጥንተው፣ የጋራ ሀብት የግድ ይጠፋል የሚለውን ትምህርት በማስረጃ ነቀሉት፤ በእርሳቸው አቆጣጠር በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የመንዝ እረኛ መጽሐፋቸውን ባያነብም ነገሩን ያውቀው ነበር።

እንግዲህ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የጠበቀ ሕዝብ የ105 በ68 ሜትር ሜዳ መጠበቅ ያቅተዋል? አያቅተውም። ያልተሰጠው ሥልጣኑ ነው። የይፋት ከተማ ሜዳ የሚያስፈልገው ቢያንስ ጓሳው የነበረውን ነው፤ የታወቀ ተጠቃሚ፣ የተመረጠ አለቃ፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን፣ የማይታለፍ ቅጣት። ተጫዋቹ፣ መምህሩ፣ ካህኑ፣ ኢማሙ፣ የገበያው ነጋዴ፣ የፍየሉ ባለቤት፣ የቲያትር ቡድኑ፣ ሁሉም ሜዳውን ይፈልጉታልና ሁሉም በአንድ ጉባኤ ይቀመጡ። ይጣሉ፤ ግን በጉባኤው ላይ ይጣሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ድርሻው የሜዳውን ወሰን በካርታ ለይቶ፣ በድንጋይ አስተክሎ፣ ያለ ጉባኤው ፈቃድ አንዲት ካሬ ሜትር እንዳይቆረስ በደንብ ማጽናት ነው። ከዚያ በኋላ እጁን ይሰብስብ።

ሥራው ራሱ እዚህ ግባ የሚባል ወጪ የለውም፤ ዕውቀት ግን ይጠይቃል። ሜዳ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃ ያቁራል። መሀሉ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ወደ ዳርና ዳር ዝቅ እያለ መደልደል፣ በዙሪያውም ቦይ መቀደድ አለበት። ይህ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቆላ የቆመ ውሃ ማለት ወባ ማለት ነው፤ የትንኝ ዕጭ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። የኳስ ሜዳውን ኩሬ ያላፈሰሰ ከተማ በጤና ጣቢያው ደጃፍ ሰልፍ ያስረዝማል። ሣርም እንደ ሰው ዕረፍት ይሻል። በክረምቱ ዝናብ ሥር የሚሰድበት ጊዜ ስለ ሆነ ያን ጊዜ ሜዳው ቢዘጋ፣ ወይም ግማሽ ግማሹ በተራ ቢዘጋ፣ በበጋ አቧራ አይሆንም። ፍየሉም ቢሆን ጠላት አይደለም፤ በወቅቱ ከገባ ሣር ያጭዳል፤ ማዳበሪያውንም ሳያስከፍል ይሰጣል። የአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ መናፈሻ ከ1634 ጀምሮ የከተማው የጋራ ግጦሽ እንደ ነበረ፣ ላም ከመናፈሻው የወጣችውም ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይታ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ፍየል ሲያይ አይደነግጥም።

ስለ ሴቶች ልጆች ዝም ማለት አይቻልም። «ሜዳው ለሁሉም ክፍት ነው» ሲባል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ በሜዳው ላይ ስንት ሴት ልጅ እንዳለች ይቆጠር። ደራርቱ ቱሉ በ1984 በባርሴሎና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አጥልቃ ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ከሆነች ዘመን አለፈ። ልጆቻችን ስሟን በመዝሙር ያውቁታል። ሜዳ ላይ ግን ሴት ልጅ ጀሪካን ተሸክማ የምታቋርጠው እንጂ የምትቆምበት አይደለም። ጠንካራው ቡድን ሜዳውን በክርኑ ይይዘዋል፤ ደካማው ዳር ይቆማል። ሥርዓት የሌለው ክፍትነት የጉልበተኛ ርስት ነው፤ ከአጥሩ በምን ይሻላል? ስለዚህ ሰዓት ይቆረጥ፤ የሴቶች ሰዓት የቀትር ሐሩር ወይም ጅብ የሚወጣበት ምሽት ሳይሆን ደኅናው ሰዓት ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በላይ የይፋት ሜዳ ሌላ ጉዳይ አለበት። በሚያዝያ 2013 አጣዬ በእሳት ጋየች፤ በኅዳር 2014 ሸዋ ሮቢት በጦርነቱ ተያዘች፤ ከዚያም ወዲህ አካባቢው የጥይት ድምፅ አላጣም። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው በአንድ ገበያ ሲገዛና ሲሸጥ በኖረበት ምድር፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ የሚያይበት ዘመን መጣ። ኳስ ጦርነት ያስቀራል ማለት ማላገጥ ነው፤ አላስቀረምም። ነገር ግን ከጦርነት በኋላ ወጣቶች የት ይገናኛሉ? በስብሰባ አዳራሽ የሚገናኙት ተጠርተው፣ አበል ተከፍሏቸው፣ ስለ ሰላም ንግግር ሊሰሙ ነው። በገበያ የሚገናኙት ለትርፍ ነው። ማንም ሳይጠራቸው፣ ማንም ስማቸውንና ብሔራቸውን ሳይመዘግብ፣ አንዱ ለአንዱ ኳስ የሚያቀብልበት ቦታ ሜዳው ብቻ ነው። ያንን 35 ቦታ አድርጎ የሸነሸነ ሰው ምን እንደ ሸጠ አያውቅም።

አርቲስቱስ? የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ሲመሠረት፣ የራሱ ቲያትር ቤት ሳይኖረው በአዲስ አበባ አደባባይ ሕዝብ እየሰበሰበ ነበር ሥራውን የጀመረው። የየቀበሌው የኪነት ቡድንም፣ የተማሪው ድራማም፣ የአዝማሪውም መሰንቆ ያለ አዳራሽ ዓመታት የኖሩት ሜዳ ስለ ነበረ ነው። ትንሹ ከተማ የቲያትር አዳራሽ እስኪሠራለት ትውልድ ያልፋል፤ ዋርካ ሥር ግን ነገ ድራማ ማሳየት ይቻላል። ሆኖም ሜዳ ሲታጠር ብዕሩን አንሥቶ የተቃወመ ገጣሚ ከመገኘቱ ይልቅ፣ በምረቃው ዕለት ለፏፏቴው ስንኝ የቋጠረ መገኘቱ ይቀላል። የመድረክ ሰው ነኝ የሚል ሁሉ ከሥሩ መሬቱ ሲሸጥ ግጥም እያነበበ ከቆመ፣ አጨብጫቢዎቹ ነገ የት ቆመው እንደሚያጨበጭቡለት ቢጠይቅ መልካም ነው።

በሜዳው ዳር፣ ሰው በብዛት በሚያልፍበት በኩል፣ አንድ የቆርቆሮ ሰሌዳ ይቁም። የጉባኤው አባላት ስም፣ የሜዳው ወሰን፣ የየቡድኑ ሰዓት፣ የሚዘጋበት ወር፣ የቅጣቱ መጠን በትልልቅ ፊደል ይጻፍበት። ወጪው ለአንድ የምረቃ በዓል ከሚከራየው ድንኳን አይበልጥም። የመጀመሪያው ክርክር ምን እንደሚሆን ከአሁኑ መገመት ይቻላል። ዐርብ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ሰጋጁ ከመስጊድ ተመልሶ፣ ተማሪው ከትምህርት ቤት ወጥቶ፣ ፀሐይዋም ትንሽ በርዳ፣ ሁሉም ሜዳውን የሚፈልግበት ሰዓት ነው። የሴቶቹ ቡድን ይጠይቀዋል፤ የጎልማሶቹ ቡድን «ከድሮም የኛ ነው» ይላል፤ መምህሩ ለሰልፍ ልምምድ ይፈልገዋል፤ የድራማ ቡድኑ ደግሞ ለመለማመጃ። ጉባኤው በዚህ ይጀምር።